ዱዋልሾክ 4 ሲጠገን፦ የብየዳ ሊድ ከመቅለጡ በፊት የሚታዩ ነገሮች

የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ (ዱዋልሾክ 4) ጥገና ልምምዱ አሁን አናሎግ፣ ማለትም በአውራ ጣት የሚገፋውን ዱላ፣ መቀየር ላይ ደርሷል። እስካሁን ከታየው ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር የሥራው ቅደም ተከተል ነው። «አናሎጉ ሞቷል» የተባለ ጆይስቲክ ሁሉ አናሎጉ አልሞተም። ሶልደሪንግ አይረን (ሊዱን የሚያቀልጠው የብየዳ ብረት) የሚነሳው ሌላው ሁሉ ታይቶ ካለቀ በኋላ ነው።

ግንኙነቱ ቶሎ ይታያል። ጆይስቲኩ የሚያስታውሰው አንድ ኮንሶል ብቻ ነው። ጌም ቤት ውስጥ ቻርጅ ይሁን ብሎ ሌላ ኮንሶል ላይ ሰክቶ የፒኤስ ቁልፉን የተጫነ ሰው ዝምድናውን አዛውሮታል፤ የመጀመሪያው ኮንሶል ላይ «አልበራም» የሚባለውም በዚህ ነው። ኮንሶሉን አጥፍቶ ከኋላ ኤል2 ቁልፍ አጠገብ ያለችውን ቀዳዳ በቀጭን መርፌ 5 ሰከንድ ያህል መጫን፣ ከዚያ በገመድ ሰክቶ ፒኤስን መጫን ነው። ገመዱ ዳታ የሚያስተላልፍ ማይክሮ ዩኤስቢ መሆን አለበት። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ የዳታ ሽቦዎቹ ስለሌሉት መብራቱ ብርቱካናማ ይሆናል እንጂ ጆይስቲኩ አይገናኝም። ይህን ሳያጣሩ ቦርድ የከፈቱ ብዙ ናቸው።

ቀጥሎ አናሎጉን በቁጥር ማየት ነው። ኮምፒውተር ላይ በገመድ ሰክቶ በብሮውዘር የሚሠራ የጌምፓድ መሞከሪያ ገጽ መክፈት ይበቃል። ጆይስቲኩ እያንዳንዱን አቅጣጫ ከ0 እስከ 255 ይልካል፤ መሀሉ 128 አካባቢ ነው። ገጹ ይህንን ከ-1 እስከ 1 አድርጎ ያሳየዋል። እጅ ሳይነካው 0.03 ቢል ምንም አይደለም፤ ጌሙ ራሱ ይውጠዋል። 0.10 ካለፈ የኳስ ጌም ላይ ተጫዋቹ ብቻውን መሄድ ሊጀምር ይችላል። ቁጥሩ እንዴት እንደሚያሳስትም መታየት አለበት፦ አንድ ቦታ ላይ ተረጋግቶ ከመሀል የራቀ ከሆነ ካሊብሬሽን (መሀሉን በሶፍትዌር ማስተካከል) ሊያስተካክለው ይችላል፤ የሚዘል፣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን አናሎጉ ውስጥ ያለው የካርቦን ንጣፍ ቆሽሿል ወይም ተበልቷል።

አከፋፈቱ ቀላል ነው፦ ከኋላ 4 ብሎን፣ በትንሽ ፊሊፕስ ካቻቢቴ። አስቸጋሪው ሽፋኑ ሲላቀቅ ነው። የኤል2 እና የአር2 ሞላዎች ተወርውረው ይጠፋሉ፤ ስለዚህ ጆይስቲኩን ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ትሪ ወይም ፎጣ ላይ መሥራት ይሻላል። ሽፋኑን በድንገት መጎተት አይገባም፤ የቻርጅ ማስገቢያውን ከዋናው ቦርድ የሚያገናኘው ስስ ሪባን (ጠፍጣፋ ገመድ) ይቀደዳል። ከዚያ ባትሪውን ነቅሎ፣ የባትሪውን መቀመጫ አንስቶ፣ ቦርዱን የያዘችውን አንዷን ብሎን መፍታት። የመንቀጥቀጫ ሞተሮቹ ሽቦ ቦርዱ ላይ ስለተበየደ ቦርዱና ሞተሮቹ አብረው ይወጣሉ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቁልፎች ሳይነኩ የሚጫኑ ወይም ጭራሽ የማይሠሩ ከሆነ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ አናሎጉም ቺፑም አይደለም። የቁልፎቹ ፊልም (መስመሮች የታተሙበት ስስ ፕላስቲክ) ቦርዱን የሚነካው በአንዲት ስፖንጅ ግፊት ነው። ስፖንጇ ከጊዜ ብዛት ትሟሽሻለች፣ ግፊቱም ይላላል። ፊልሙንና የቦርዱን መነካኪያ በአልኮል ጠርጎ ከስፖንጇ ሥር ሁለት ሦስት እጥፍ ወረቀት ማስገባት ያስተካክለዋል። ከዚህ ጥገና የረከሰ የለም።

አልኮሉ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል ቢሆን ይመረጣል። ከፋርማሲ የሚገዛው ባለ 70 በመቶ ሲሶው ገደማ ውሃ ስለሆነ ከተጠቀሙበት ባትሪው ከመሰካቱ በፊት በደንብ ይድረቅ።

አሁን አናሎጉ። ሞጁሉ (ሙሉው የአናሎግ ዕቃ) ጎንና ጎኑ ላይ ሁለት ፖቴንሾሜትር፣ ማለትም ሲዞር ተቃውሞው የሚለዋወጥ ዕቃ፣ አለው፤ አንዱ ለግራና ቀኝ፣ ሌላው ለላይና ታች። በውስጣቸው ትንሽ ብረት ካርቦን ላይ እየተፋተገች ትዞራለች፤ የሚበላውም እዚያው ነው። ከብየዳው በፊት አንድ መሀከለኛ መንገድ አለ፦ የፖቴንሾሜትሩን ክዳን በወረንጦ በቀስታ ወደ ውጭ ገፍቶ ብረቷን የያዘችውን ነጭ ጎማ (ክብ ፕላስቲክ) ማውጣት፣ ካርቦኑን በአልኮል መጥረግ፣ ብረቷ ከተጣመመች ጎማዋን ከአሮጌ ሞጁል በወጣች መተካት። እግሮቹ ቦርዱ ላይ እንደተበየዱ ስለሆነ ክዳኑን ደጋግሞ ማጠፍ ይሰብራቸዋል። ጽዳቱ ራሱ ዘላቂ አይደለም፤ ካርቦኑ ላይ ጭረት ከታየ ጊዜ አለማባከን ነው።

ሙሉ ቅየራው 14 ነጥብ መንቀል ነው፦ 6 የፖቴንሾሜትሮቹ፣ 4 የቁልፉ፣ 4 የብረት አካሉ። የሚያስቸግሩት የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ ከቦርዱ ሰፊ መዳብ ጋር ስለተያያዙ ሙቀቱን ይጠጡታል። ፍላክስ (ሊዱ በደንብ እንዲፈስ የሚረዳ ቅባት) ቀብቶ፣ አዲስ ሊድ ጨምሮ፣ አይረኑን 350 እስከ 380 ዲግሪ አድርጎ መሥራት። ሞጁሉ ሳይላላ በጉልበት ከተጎተተ የቀዳዳው መዳብ አብሮ ይነቀልና ከዚያ በኋላ ሥራው የሽቦ ቅጥልጥል ይሆናል። አሮጌውን ለመጣል ካልተሳሱ አካሉን በፒንሳ ቆራርጦ እግሮቹን አንድ በአንድ ማውጣት ለጀማሪ ይቀላል። ፖቴንሾሜትሩ 10 ኪሎ ኦም ነው፤ ነገር ግን ከቦርዱ ሳይወጣ ከተለካ ከሌሎቹ ጋር በትይዩ ስለሚያያዝ ቁጥሩ አንሶ ይታያል። በዚህ ተታሎ ደህናውን የሚጥል አለ።

ዕቃ ሲገዛ ቦርዱ ላይ የተጻፈውን የቦርዱን ዓይነት የሚለይ ጄዲኤም ቁጥር ማየት ግድ ነው። በ2016 የወጣው ሁለተኛው ሞዴል መብራቱ በንክኪ ሰሌዳው ጠርዝም ይታያል፤ የባትሪው መሰኪያ ከበፊቱ ያነሰ ስለሆነ ባትሪው አይለዋወጥም። ፊልሙና የቻርጅ ሪባኑም እንዲሁ እንደ ቦርዱ ይለያያሉ።

አዲስ ሞጁል፣ በማግኔት የሚሠራው ሆል ኢፌክትም ቢሆን፣ ከተበየደ በኋላ መሀሉ ከፋብሪካው ልክ ጋር አይገጥምም። በክሮም የሚከፈት የዱዋልሾክ ካሊብሬሽን ገጽ ላይ መሀሉንና ዳር ዳሩን አስተካክሎ ጆይስቲኩ ላይ በቋሚነት ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ቋሚው ካልተመረጠ ሲጠፋ ይረሳዋል። ብዙዎቹ ኮፒ ጆይስቲኮች ይህንን ትእዛዝ ስለማይቀበሉ፣ ጆይስቲኩን ከመክፈት በፊት ገጹ ላይ ሰክቶ መሞከሩ አይከፋም።