«ለጓደኛዬ ነው»

«ለጓደኛዬ ነው» ይላሉ። ስምንት ዓመት ከፋርማሲ ባንኮኒ ኋላ ቆሜያለሁ። ብልቱን የሚያሳክከው ወንድ ራሱ ሲመጣ ያየሁት ጥቂት ነው። የሚመጣው ጓደኛው ነው። ሰው እስኪወጣለት የሳል ሽሮፕ ካርቶን እያነበበ ይጠብቃል።

ይሄኛው ጓደኛ አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው ነው። «እዚያ ጋ» ቀልቷል፣ ያሳክካል፣ ብሽሽቱም ተሰነጣጥቋል አለኝ። የጓደኛው ማለቴ ነው። ከመቅላቱ ወጣ ብለው የተበተኑ ትንንሽ ነጠብጣቦችም አሉ ሲለኝ ፈንገስ ነው ብዬ ክሎትሪማዞል ሰጠሁት።

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ። አሁን ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት በስሙ ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ከዚያም ደገመ። እስካሁን የሚቆረቁረኝ ይሄ ነው። ስቴሮይድ መቅላቱን ያጠፋል፣ ማሳከኩን ያበርዳል። ሰውየው ዳንኩ ይላል፤ ፈንገሱ ግን ከሥር ይደላደላል። የዚያ አካባቢ ቆዳ ደግሞ ስስ ነው፣ ሲደጋገምበት ይብሱን ይሳሳል። ይሄን ተፈትኜ ያለፍኩበት ነው። ግን ሰልፉ ረጅም ነበር። ባለቤታችንም «ባንኮኒ ላይ ምርመራ የለም» ይል ነበር። እውነቱን ነው፣ ምርመራ የለም። ሽያጭ ግን ነበር።

ለአራተኛ ጊዜ በመጣ ቀን ቲዩቡን ላስቲክ ውስጥ እየከተትኩ ሳለ፣ ሁላችንም ማዘር የምንላቸው ካሸራችን ደረሰኝ እየቀደዱ፣ ቀና እንኳን ሳይሉ፦

«ልጄ፣ ይሄ ውሃ ዛሬ ስንተኛህ ነው?»

ሰውየው እጁ ላይ ያለውን ባለ ሁለት ሊትር ፕላስቲክ አየው። እኔም አየሁት። በመጣ ቁጥር ይዞት ነበር።

«ሦስተኛዬ። ሙቀቱ ነው መሰለኝ።»

«ሽንትስ? ሌሊት ስንቴ ትነሳለህ?»

«አራቴ… አምስቴ።»

«ጓደኛህስ?»

ከኋላ የቆመ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሰውየው ትንሽ ዝም አለ። «ያው አንድ ነን» አለ።

ጓዳ ወስጄ ጣቱን ወጋሁት። የስኳር መለኪያው 412 አለ። እንዲህ የሚጠማውና የሚሸና ሰው በማንኛውም ሰዓት ተለክቶ 200 ካለፈ የስኳር በሽታ ነው፣ ብዙም አያጠራጥርም። ደም ውስጥ የተረፈ ስኳር በሽንት ይወጣል። ሽንት ጠብ የሚልበት ሙቅና እርጥብ ቆዳ ደግሞ ለፈንገስ ድግስ ነው። ምንጩ ሳይነካ ስንት ቲዩብ ቢቀቡት ያው ነው። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፌ «ዛሬውኑ ሐኪም ጋ፣ ነገ እንዳትለው» አልኩት። ሄደ።

ማዘር ትምህርታቸው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ባላቸው ግን ስኳር አለባቸው።

ከዚያ ወዲህ ጠያቂ ሆኛለሁ። ሁለት ሳምንት ተቀብቶ ያልተሻለውን ወይም ድኖ የተመለሰበትን ሰው ሌላ ቲዩብ አልሸጥለትም። የማይድን ቁስል፣ ጠጠር ያለ እብጠት ወይም ነጭ ንጣፍ አየሁ የሚለኝንማ ወሬም አላበዛበት፣ ሐኪም ጋ ነው የምሰደው። ውሃና ሽንት የማልጠይቀው ሰው የለም። ባለቤታችን ፊቱን ያጠቁርብኛል፤ ያጥቁር።

ባለፈው ወር አንድ ወጣት መጣ። ጓደኛ የለውም፣ ራሱ ነው፤ በዚህ ብቻ ወደድኩት። ብልቱ ላይ የሚያሳክኩ ጉብ ጉብ ያሉ ነገሮች ወጥተውበታል። «ሌሊት ነው የሚብሰኝ» አለ። ሌሊት ሲል የታየኝ ሽንት ነው። ጓዳ አስገብቼ ጣቱን ወጋሁት። 92።

«ለማሳከክ ብመጣ ወጋኸኝ» ብሎ ተቆጥቶ ወጣ።

ማዘር ደረሰኝ እየቀደዱ ነበር። «ጣቱን ስትይዝ መሃል መሃሉን አላየኸውም? ገንዘብ ሲሰጠኝ እንኳን እያከከ ነው። እከክ ነው እንጂ ምን ስኳር አለው። ይሄኔ ቤቱ ያለው ሰው ሁሉ እያከከ ይሆናል።»

ሮጬ በሩ ላይ ደረስኩ። ልጁ የለም።