ሐሰተኛ ሰነድ፣ እውነተኛ አደራ

ሰሞኑን በናዚ ጀርመን ወረራ ሥር ስለወደቁ አገሮች ሳነብ ነው የሰነበትኩት። ሁለት ታሪኮች እንቅልፍ ነሱኝ።

አንደኛው የሆላንድ ነው። ዋልራፈን ቫን ሃል አምስተርዳም ውስጥ የባንክ ሰው ነበር። ከወንድሙ ጋር ሆኖ ሐሰተኛ የግምጃ ቤት ሰነዶች (መንግሥት ሲበደር የሚሰጣቸው የዕዳ ወረቀቶች) አሳተመ። እውነተኞቹ ከማዕከላዊ ባንኩ ካዝና ወጡ፣ ሐሰተኞቹ ቦታቸውን ያዙ። እውነተኞቹ ተመንዝረው የተገኘው ገንዘብ ወደ 50 ሚሊዮን ጊልደር (የያኔው የሆላንድ ገንዘብ) ይጠጋል። ከናዚዎች ለተደበቁ ሰዎች ቀለብ ሆነ። በ1944 (እ.ኤ.አ.) መስከረም ወር ሥራ ያቆሙ የባቡር ሠራተኞችም ከእሱ ፈንድ ይከፈላቸው ነበር።

በሕግ ዓይን ካየነው የለየለት ማጭበርበር ነው። ግን ሰውየው ሒሳቡን በጥንቃቄ ይይዝ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ እንዲወራረድ። ማን በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ ስለ ሒሳብ ያስባል? ጀርመኖች በየካቲት 1945 ሃርለም ከተማ ላይ ረሸኑት። 39 ዓመቱ ነበር።

ሁለተኛው የኖርዌይ ነው፤ ስጽፈው እንኳ ይከብደኛል። ጥቅምት 1942 አይሁዳውያን እየታደኑ ይታሰሩ ነበር። ያኮብ እና ራክል ፌልድማን የተባሉ ባልና ሚስት ወደ ስዊድን ለመሻገር ሁለት መንገድ መሪዎችን ተከተሉ። መሪዎቹ ጫካ ውስጥ ገደሏቸው፣ ሬሳቸውን ሐይቅ ውስጥ ጣሉት፣ ገንዘባቸውን ወሰዱ። በ1947 ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ያሉት ይህ ነው፦ ባልና ሚስቱ መራመድ አቅቷቸው ነበር፣ ቢያዙ የማምለጫው መስመር ሁሉ ይጋለጥ ነበር። ከግድያው ክስ ነጻ ወጡ። የተቀጡት ገንዘቡን በመውሰዳቸው ብቻ ነው።

ፍርሃቱ የውሸት ነው አልልም። ድንበር ሲያሻግር የተያዘ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር። በአንድ መስመር ላይ የብዙ ሰው ነፍስ ተንጠልጥሎ ነበር። ግን አርበኝነት ነው ከተባለ፣ የሟቾቹ ገንዘብ ኪሳቸው ውስጥ ምን ይሠራል? ቫን ሃል በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ በእጁ አልፎ ሒሳቡን የያዘው ለማን ነው?

ገንዘቡን ባይነኩት ኖሮስ አምናቸው ነበር? ይህን ደጋግሜ አሰብኩት። ትንሽ አምናቸው ይሆናል። ይቅር ማለት ግን አልችልም። እነዚያ ባልና ሚስት ነፍሳቸውን አደራ ብለው ነው የተከተሏቸው።