ሦስት ሌሊት ለአንዲት ዋይፋይ

ነገሩ የተጀመረው እዚህ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ በገዛኋት የዩኤስቢ ዋይፋይ አዳፕተር ነው። የላፕቶፔ የራሱ ዋይፋይ ከሞተ ቆይቷል፤ የስልኬን ዳታ በኬብል እየሳብኩ ነበር የምጠቀመው። አዳፕተሯን ሰካኋት፤ ዝም። ሻጩ «በደንብ ትሠራለች» ያለኝ ዊንዶውስ አስቦ ነው፣ አልዋሸም። እኔ ዘንድ ያለው ግን ዴቢያን 12 የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው።

ሳጣራ ውስጧ ያለው ቺፕ ሪልቴክ 8821ሲዩ ሆኖ ተገኘ። የዚህ ቺፕ የዩኤስቢ ድራይቨር (ቺፑን የሚያናግረው ፕሮግራም) ዋናው የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ የገባው በ6.2 እትም ነው። ዴቢያን 12 ይዞ የመጣው ደግሞ 6.1ን። በአንዲት ቁጥር ተላለፍን።

እውነቱን ልናገር፦ ከዴቢያን ባክፖርትስ (አዳዲስ እትሞች ለነባሩ ዴቢያን ከሚቀርቡበት ማከማቻ) አዲስ ከርነል በአንድ ትእዛዝ ማውረድ ይቻል ነበር። ድራይቨሩን ብቻ ለይቶ መጫንም ይቻላል። እኔ ግን ከርነል በገዛ እጄ ኮምፓይል ማድረግ (ከምንጭ ኮዱ መሥራት) ሲያምረኝ ዓመታት አልፈዋል፣ አዳፕተሯ ሰበብ ሆነችልኝ። ቸኩላችሁ ከሆነ የኔን መንገድ አትከተሉ።

6.6ን መረጥኩ፤ ለረጅም ጊዜ ጥገና ከሚደረግላቸው አንዱ ነው። የታመቀው ፋይል ወደ 140 ሜጋባይት ይሆናል፣ በስልክ ዳታም ይወርዳል። ቡት ፎልደር ውስጥ ያለውን የነባሩን ከርነል ኮንፊግ (ምን ምን እንደሚካተት የሚዘረዝረውን ፋይል) ገልብጬ አመጣሁና «ሜክ ኦልድዴፍኮንፊግ» አልኩ፤ ለአዳዲሶቹ ጥያቄዎች ራሱ መልስ ይሞላል። ከዚያ ሥራውን የሚያስጀምረው «ሜክ»። ብዙም ሳይሄድ ቆመ፤ የዴቢያንን የሰርተፊኬት ፋይል አጣሁ ይላል። ፋይሉ እነሱ ጋ እንጂ እኛ ጋ የለም። ኮንፊጉ ውስጥ የታመኑ ቁልፎች የሚለውን መስመር ባዶ ሳደርገው አለፈ።

ቀጥሎ የመጣው የድሬ ሙቀት ነው። ወሩ ግንቦት፣ ሰዓቱ ቀትር። ግንቦት ቀትር ላይ እዚህ ሰው ራሱ ከጥላ አይወጣም፣ እኔ አራቱንም የፕሮሰሰር መስመር በሙሉ ኃይል አስነሳሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ላፕቶፑ ጋለና ራሱን አጠፋ። እማዬ በእጇ ዳሰስ አድርጋው «አቦ ትኩሳት አለው እኮ! ተወው ይረፍ» አለችኝ። ትክክል ነበረች። ማታ ሁላችንም አልጋ አውጥተን ግቢ ስንተኛ፣ እሱንም ወንበር ላይ አስቀምጬ ቬንቲሌተሩን አዞርኩለት። ሥራውንም ከአራት ወደ ሁለት ቀነስኩ። ይዘገያል፣ ግን አይጠፋም።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ባትሪው አምስት ደቂቃ የማይቆይ ስለሆነ አብሮ ሄደ። በዚህ አልደነገጥኩም፤ «ሜክ» የፋይሎችን ሰዓት እያነጻጸረ ካቆመበት ይቀጥላል። መብራቱ ሲመለስ እንደገና አስነሳሁት፣ ቀጠለም። መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ሲገጣጠም፣ ምንም ትርጉም የሌለው ስህተት ይደረድርልኝ ጀመር። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። መብራት ሲጠፋ እየተጻፉ የነበሩ ጥቂት ፋይሎች መጠናቸው ዜሮ ሆኖ ቀርተዋል። ሰዓታቸው አዲስ ነው፣ ስለዚህ «ሜክ» አልቀዋል ብሎ ያልፋቸዋል። ዜሮ ባይት የሆኑትን የኦብጀክት ፋይሎች (ተሠርተው ገና ያልተገጣጠሙትን ቁርጥራጮች) ፈልጌ ሳጠፋቸው እነሱን ብቻ እንደገና ሠርቶ አለፈ። መብራት በሚሄድበት አገር ይህችን ማወቅ ብዙ ሌሊት ታተርፋለች።

ደስታዬ ግን አልቆየም፤ ዲስኩ ሞላ። ከዴቢያን ኮንፊግ ጋር አብሮ የመጣው የዲበግ (የስህተት መፈለጊያ) መረጃ ከ20 ጊጋባይት በላይ በልቶብኛል። ለፕሮግራመር ይጠቅም ይሆናል፣ ለእኔ ምንም አይሠራም። ዘጋሁት፣ የተሠራውንም ሁሉ ጠርጌ ከዜሮ ጀመርኩ።

በሁለተኛው ሌሊት ብልጥ ልሁን ብዬ «ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ» ተጠቀምኩ። ይህ ትእዛዝ በዚያች ደቂቃ የተጫኑትን ሞጁሎች (ከርነሉ ሲያስፈልገው የሚጭናቸውን ክፍሎች) ብቻ ይዞ ሌላውን ይጥላል። ሰዓታት ይፈጅ የነበረው ሃምሳ ደቂቃ ሆነ። «ሜክ ቢንዴብ-ፒኬጂ» ያወጣቸውን የዴብ (የዴቢያን መጫኛ) ፋይሎች ጫንኩ፣ ሪስታርት አደረግኩ፣ የትኛው ከርነል እንደሆነ «ዩኔም» ብዬ ስጠይቅ 6.6 አለኝ። ጮህኩ፤ ጎረቤት ጎል የገባ መሰለው።

አዳፕተሯን ሰካሁ። ዝም።

ምክንያቱ ኋላ ሲገባኝ ያስቃል፣ ያን ዕለት ግን አላሳቀኝም። ነባሩ ከርነል የዚህችን አዳፕተር ድራይቨር አያውቅም፣ ስለዚህ ሞጁሉ አልተጫነም፤ ያልተጫነውን ደግሞ ራሴ ጣል ብዬዋለሁ። ይሄ ሁሉ የተደከመላት አንዲት ድራይቨር ብቻዋን ተለይታ ቀርታለች! «ሎካልሞድኮንፊግ»ን ሳዘው ማሽኑ መብራት ከሄደ በኋላ እንደ አዲስ የተነሳ ስለነበር፣ ፍላሽም ስልክም አልተሰካም። ስለዚህ አዲሱ ከርነል ፍላሽ አያነብም፣ የስልክ ኬብሉንም አያውቀውም። ኢንተርኔት የለኝ፣ መጠየቂያ የለኝ። ያዳነኝ የድሮው ከርነል ነው፤ አላጠፋሁትም ነበር። ማሽኑ ሲነሳ ከርነል በሚያስመርጠው የግረብ ሜኑ ላይ ተጨማሪ አማራጮች የሚለው ውስጥ 6.1 ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ ነበር።

ለሦስተኛው ሌሊት ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰካሁ፦ ፍላሹን፣ የእህቴን ስልክ፣ ማዳመጫውን፣ ዓመት ሙሉ ያልነካሁትን ዌብካም ሳይቀር። «ሎካልሞድኮንፊግ» ካልኩ በኋላ የኮንፊጉ መምረጫ «ሜኑኮንፊግ» ውስጥ ገብቼ በእዝባር ቁልፍ 8821 ብዬ ፈለግኩና ድራይቨሩን ሞጁል አድርጌ በእጄ መረጥኩ። ፈርምዌሩን (ቺፑ ራሱ ውስጥ የሚሠራውን ፕሮግራም) ከዴቢያን የሪልቴክ ፓኬጅ ጫንኩ፤ ያለሱ ድራይቨሩ ቢኖርም ቺፑ አይነሳም። ሊነጋጋ ሲል አለቀ። ሪስታርት፣ ሰካሁ፣ የዋይፋይ ስሞች ተዘረገፉ።

ከርነሉ የራሴ ስለሆነ የደኅንነት ማሻሻያው ከዴቢያን በራሱ አይመጣልኝም፤ የ6.6 አዲስ ጥገና ሲወጣ አውርጄ እንደገና መሥራት የኔ ሥራ ሆኗል። ለዚህ የሚያስፈልገኝ ያቺ ኮንፊግ ፋይል ብቻ ናት፣ ፍላሽ ላይ ገልብጫታለሁ። ቀጣዩን የሠራሁት በጥቅምት ነው። ቬንቲሌተሩን እማዬ አልሰጥም ብላኝ ነበር፣ ደግነቱ አላስፈለገም።