የኮሌጁ ደብዳቤ ላይ ያለው ገንዘብ ሁሉ ስጦታ አይደለም

አሜሪካ ውስጥ ልጅ ኮሌጅ ሲያመለክት የሚላከው የፋይናንሻል ኤይድ (የትምህርት ገንዘብ እርዳታ) ደብዳቤ፣ ድምሩ ብቻ ከታየ ትምህርቱ በነፃ የሆነ ያስመስላል። ነገር ግን የማይመለስ ስጦታ፣ ተሠርቶ የሚገኝ ደመወዝና ከነወለዱ የሚከፈል ዕዳ አንድ ላይ የተደመሩበት ወረቀት ነው። «ሎን» (ብድር) የሚል ያለበትን መስመር ሁሉ በእስክሪብቶ ሰርዙና እንደገና ደምሩ።

ከስጦታው ዋናው ፔል ግራንት ነው። በ2025-26 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ሲሆን አይመለስም። ዕድሜ ልኩን የሚሰጠው ግን ለ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው፤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኮርስ እየጣለ ዓመታት የቆየ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ሊያልቅበት ይችላል። ወርክ ስተዲ የሚባለው፣ ተማሪው እየተማረ ሠርቶ የሚያገኘው ገንዘብ፣ ደግሞ ከቢሉ ላይ አይቀነስም። ልጁ ሥራውን ፈልጎ፣ ሠርቶ፣ በደመወዝ መልክ ነው የሚያገኘው፤ ለመጀመሪያው ሴሚስተር ክፍያ አትቁጠሩት።

ብድሩም ሁለት ዓይነት ነው። የሰብሲዳይዝዱን ወለድ ተማሪው ቢያንስ በግማሽ ጊዜ እስከተማረ ድረስ መንግሥት ይሸፍናል፤ አንሰብሲዳይዝዱ ግን ገንዘቡ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ይወልዳል። በወላጅ ሥር ያለ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከሁለቱ ተደምሮ እስከ 5,500 ዶላር ይበደራል፤ ሰብሲዳይዝዱ ከ3,500 አይበልጥም። የተፈቀደውን ሁሉ መውሰድ ግዴታ አይደለም፣ 2,000 ብቻ ይበቃኛል ማለት ይቻላል። ፓረንት ፕላስ የሚባለው የወላጅ ዕዳ ነው፤ ልጁ ተመርቆ ሥራ ቢይዝም ወላጅ ላይ ይቆያል። ወላጅ በክሬዲቱ ምክንያት ከተከለከለ ልጁ በአንደኛ ዓመት እስከ 4,000 ዶላር ተጨማሪ አንሰብሲዳይዝድ ማግኘት ይችላል። ይህን ባለማወቅ ስንቱ ነው ኮሳይን የሚያደርግለት (ለብድር ዋስ ሆኖ የሚፈርምለት) ዘመድ ሲለምን የሚከርመው!

የሁሉም በር ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ ነው። ቅጹ ነፃ ስለሆነ ለማስሞላት ገንዘብ አትክፈሉ። የሚያየው የሁለት ዓመት በፊት ገቢን ነው፤ ለ2026-27 የ2024 ታክስ ማለት ነው።

የእኛ ሰው በብዛት የሚሰናከለው ስምና የልደት ቀን ላይ ነው። የአባትና የአያት ስም አቀማመጥ ከሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ጋር ካልገጠመ፣ ወይም ልደቱ ከእኛ ዘመን አቆጣጠር ሲቀየር ከተዛባ፣ ማመሳከሪያው አያልፍም። እናት ዲቪ ደርሷት ከልጆቿ ጋር መጥታ አባት አዲስ አበባ ቢቀር፣ በትዳር እስካሉ ድረስ የእሱም ገቢ ይጠየቃል። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ባይኖረውም የራሱን የፋፍሳ አካውንት ከፍቶ የታክስ መረጃው እንዲታይ ፈቃዱን ይሰጣል፤ በብር ያገኘው ወደ ዶላር ተመንዝሮ ይሞላል። ፈቃድ ካልሰጠ ልጁ የፌዴራል እርዳታ አያገኝም። አጎቱ ቤት የሚኖር ልጅ ደግሞ የአጎቱን ገቢ አይሞላም፤ አጎትየው በሕግ በጉዲፈቻ ካልወሰደው በቀር ለቅጹ ወላጅ አይደለም።

ግሪን ካርድ ያለውም፣ ጥገኝነት የተፈቀደለትም ለፌዴራል እርዳታ ብቁ ነው። የጥገኝነት (አሳይለም) ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ግን አይደለም፤ እንዲህ ያለው ተማሪ የስቴቱን በር ያንኳኳ። ሜሪላንድ ኤምኤስፋ፣ ቨርጂኒያ ቫሳ፣ ዋሽንግተን ስቴት ደግሞ ዋስፋ የሚባሉ የራሳቸው ማመልከቻዎች አሏቸው።