የአጥር መዋጮ

ዛሬ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ደን ማጠሪያ ገንዘብ ስንሰበስብ ዋልን። ውጭ አገር ሰው ብር አዋጥቶ ደኑን ከነመሬቱ ይገዛዋል። እኛ ጋ መሬት አይሸጥም፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሎታል። ስለዚህ የሚዋጣው ለአጥር ነው።

"አጥር ደግሞ ምን ይፈይዳል?" የሚል ካለ ሄዶ ጠርዙን ይይ። ትልቁ ጽድ ቆሟል። ወይራውም ቆሟል። ከሥራቸው ግን ተተኪ የለም። ችግኙ ብቅ ሲል ከብት ይግጠዋል፣ የተረፈውን ይረግጠዋል። ማረሻውም በየዓመቱ አንድ ትልም ጠጋ ይላል (አንድ ትልም ምን አላት!)።

የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን በዚሁ በደቡብ ጎንደር የደገፉት ሥራ ይሄው የድንጋይ አጥር ነው። ብልሃቱ ደስ ይላል። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ይለቀማል፤ ማሳው ይጸዳል፣ ደኑ ይታጠራል። ሲሚንቶ የለ፣ ምን የለ።

አንዲት እናት ከመቀነታቸው ጫፍ የቋጠሩትን መቶ ብር ፈትተው ሰጡኝ። ብሩ ተጣጥፎ ተጣጥፎ የአውራ ጣት ጥፍር አክሏል።

"እማማ፣ ግማሹ ይበቃል" አልኳቸው።

"የምቀበርበትን ጥላ አንተ ልትከፍልልኝ ነው?" ብለው አፌን አስያዙኝ።

ገንዘቡ ገና አልሞላም። ድንጋይ መልቀሙ ግን ሰኞ ይጀመራል። የሰፈር ልጆች፣ ብር ባይኖራችሁ ትከሻችሁን ይዛችሁ ኑ።