ፎርሙ፣ ወጥ ቤቱና በሩ

መሃል አዲስ አበባ ውስጥ፣ ልደታም ይሁን ተክለ ሃይማኖት፣ ቂርቆስም ይሁን አራት ኪሎ፣ በአንድ ሙአለ ሕፃናት ምንጣፍ ላይ የሚቀመጡት ልጆች የመጡበት ቤት ለየቅል ነው። አንዱ የመርካቶ ነጋዴ ልጅ ነው፣ አንዷ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ፣ የሌላው እናት ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፣ ሌላዋ ከዐረብ አገር ከእናቷ ጋር የተመለሰች ናት። ቤታቸው ጉራጊኛ፣ ስልጥኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሶማሊኛ የሚነገርባቸው አሉ። ብዙ ኃላፊዎች ይህን ልዩነት የሚያስታውሱት የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲደርስ ነው፤ ልጆቹ ለብሰው ይመጣሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ በዚያው ያበቃል። አንድ ቤተሰብ መከበሩን ወይም መገፋቱን የሚያውቀው ግን በዕለት ተዕለቱ አሠራር ነው፤ በምዝገባ ፎርሙ፣ በወጥ ቤቱና ልጅ በሚረከቡበት በር።

ፎርሙ ላይ «ብሔር» እና «ሃይማኖት» የሚሉ መስመሮች ካሉ አውጧቸው። ለማስተማርም ለመመገብም አይረዱም። «ሙስሊም» ብሎ የሞላ አባት ልጁ ምን እንደማይበላ በዝርዝር አልነገራችሁም። «ኦርቶዶክስ» ብላ የሞላች እናትም የአራት ዓመት ልጇ ረቡዕና ዓርብ ወተት ይጠጣ አይጠጣ አልነገረቻችሁም፤ አንዷ ታስጾማለች፣ ሌላዋ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ትጠብቃለች። ስለ ማንነቱ ሳይሆን ስለ አኗኗሩ ጠይቁ። ልጁ ቤት ውስጥ ከማን ጋር በምን ቋንቋ ያወራል? የማይበላው ምንድን ነው፣ በየትኞቹ ቀናት? ማን ያስተኛዋል? ሲያለቅስ በምን ይባበላል? ሽንቱ ሲመጣ ምን ብሎ ይናገራል? የመጨረሻዋ ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት ልብሱ ላይ የሸና ልጅ ብዙ ጊዜ ተናግሮ ያልተሰማ ልጅ ነው።

ቀጥሎ የአባት ጉዳይ። ስማችን የሚሄደው በአባት ስለሆነ የልጁን ስም እስከ አያት መመዝገብ የግድ ነው። ችግሩ ፎርሙ «የአባት ሥራ፣ የአባት ስልክ፣ የአባት ፊርማ» እያለ ሲቀጥል ነው። ብቻዋን የምታሳድግ እናት ወይም የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ እማማ፣ ወረፋ የያዘ ሰው እየሰማ ለመዝጋቢዋ ማስረዳት ይጀምራሉ። «አሳዳጊ 1» እና «አሳዳጊ 2» በሉና ዝምድናውን ራሳቸው ይጻፉት። በወረቀት ላይ ካለው ስም አጠገብ ልጁ ቤት የሚጠራበትንም መዝግቡ። ቤት «አቡሽ» ሲባል የኖረ የሦስት ዓመት ልጅ በመዝገብ ስሙ ሲጠሩት ዝም ይላል፤ መምህርቷም ጆሮው አይሰማም ይሆን ብላ ትጨነቃለች።

የልደት ቀንም ያሳስታል። ከውጭ የተመለሱ ቤተሰቦች ሰነድ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ወደ እኛ ሲመለስ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይቀነሳል። ሁሌ 8 የሚቀንስ ጸሐፊ በጥቅምት የተወለደን ልጅ አንድ ዓመት ያስረጀዋል፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ አንድ ዓመት ማለት ሌላ ክፍል ነው። ማመሳከሪያችሁ የክትባት ካርዱ ይሁን፤ የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር ስለሚሰጥ ቀኖቹ ካልገጠሙ ስሕተቱ ወዲያው ይታያል። የልደት ምዝገባ በአዋጅ 760/2004 ቢደነገግም ከክፍለ ሀገር የመጡ ብዙ ወላጆች ምስክር ወረቀት የላቸውም። በክትባት ካርዱ ተቀበሏቸውና ወረቀቱን የሚያወጡበት ጊዜ ስጡ እንጂ ልጁን ከበር አትመልሱ።

ወጥ ቤቱን በተመለከተ አቋሜ አጭር ነው፤ ሥጋ አይግባ። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ሁለት ቢላ፣ ሁለት መክተፊያ፣ ሁለት ድስት ይፈልጋል። አንዲት ወጥ ሠሪ ባለችበት ጠባብ ወጥ ቤት ይህ ለሁለት ሳምንት ይጠበቅና ይፈርሳል። አንዴ ጥርጣሬ ከገባ ወላጅ ምሳ ዕቃ መላክ ይጀምራል፣ ልጆቹም ለብቻ ለብቻ ይበላሉ። ሥጋ ከሌለ ሁሉም ከአንድ ድስት ይቋደሳል። ቅቤም አያስፈልግም፤ ዓመቱን ሙሉ የአትክልት ዘይት ተጠቀሙ። በልደት ቀን የሚመጣውን ከረሜላ ደግሞ እዩት፤ የሚለጠጡት ጄሊዎች ብዙ ጊዜ ከእንስሳ የሚወጣ ጄላቲን ስላለባቸው ለሙስሊሙም ለጿሚውም አይሆኑም።

ለ40 ልጆች አንድ ምሳ ይህን ይመስላል። ሩዝ 2 ኪሎ፣ ምስር ክክ 1 ኪሎ ተኩል፣ ድንች 2 ኪሎ፣ ካሮት 1 ኪሎ ተኩል፣ ቲማቲም 1 ኪሎ፣ ሽንኩርት 1 ኪሎ፣ ዘይት ግማሽ ሊትር የማይሞላ። በርበሬ ቀርቶ በእርድ አልጫ ይሠራ። ምስሩ ውስጥ ያለው ብረት ለልጁ ሰውነት እንዲጠቅም ቲማቲሙ ወይም ሲወጣ የሚጨመቅበት ሎሚ ያግዛል። ሻይ ግን ብረቱ እንዳይዋጥ ስለሚያደርግ ከምግብ ጋር አትስጡ፤ «ትንሽ ሻይ ምን ያደርጋል» የሚለው ልማድ እዚህ ላይ ይቁም። እንቁላልና ወተት በፍስክ ቀን፣ በተለየ ድስትና በተለየ ቀለም ማንኪያ ይዘጋጁ። የሚበላሸው ወጥ ሠሪዋ የቀረች ዕለት ነው፤ ተተኪዋ ዓርብ ዕለት ወተት በነካው ማንኪያ ሽሮውን ታማስላለች። ስለዚህ የማንኪያዎቹ ቀለም ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ፍስክ የሚበሉ ልጆች እንቁላልና ወተታቸውን እንዳያጡ፣ የሚጾሙትም ጓደኞቻቸውን እያዩ እንዳይሳቀቁ እንቁላሉ በምሳ ሳይሆን በ4 ሰዓት መክሰስ ላይ፣ ለሚጾሙት ደግሞ በዚያው ሰዓት ቆሎ ወይም ሙዝ ይቅረብ። ከአራት ዓመት በታች ላሉት ቆሎ ስለሚያንቅ በበሶ ይተካ። የለውዝ ቅቤ በጾም ወቅት ጥሩ ምትክ ነው፤ ለውዝ የሚያስቆጣው ልጅ መኖሩን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፍልሰታ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ስለሚውል የሚመለከተው በክረምት የማይዘጉ ማቆያዎችን ነው፤ ልጆች በብዛት የሚጾሙትም ያኔ ስለሆነ ከነሐሴ 1 በፊት የእያንዳንዱን ቤተሰብ ፍላጎት በጽሑፍ ያዙ። በረመዳን ትንንሾቹ ባይጾሙም ቤተሰቡ ለሱሁር ሲነሣ አብረው ይነቃሉ። ጠዋት ተነጫንጨው ሲመጡ ጠባይ አበላሹ አትበሉ፤ የቀን እንቅልፋቸውን ከ6 ሰዓት ተኩል ወደ 5 ሰዓት አምጡላቸው። ወላጆቻቸውም ለኢፍጣር እንዲደርሱ ልጆቹ ከ11 ሰዓት በፊት ተዘጋጅተው ይጠብቁ።

የሕፃናት ማቆያ ያላችሁ ደግሞ የጡት ወተትን ነገር አጥብቁ። ሕጉ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ የጤና ምክሩ ደግሞ ስድስት ወር ሙሉ ጡት ብቻ ነው። የመሃሉን ሦስት ወር የሚሸከመው ማቆያው ነው። እናት አልባ የምታመጣው ወተት ከፍሪጅ ውጭ ከ4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ ከ4 ቀን በላይ አይቀመጥ። ዕቃው ላይ የልጁ ስም፣ ቀኑና የታለበበት ሰዓት ይጻፍ። በሙቅ ውሃ ውስጥ ይሙቅ እንጂ እሳት ላይ አይጣድ፤ ሕፃኑ ጠጥቶ የተረፈውም ለቀጣዩ አይቀመጥም። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን ጻፉና ፍሪጁን አትክፈቱ። ከጡጦ ይልቅ በትንሽ ኩባያ ማጠጣት ይሻላል፤ ጡጦ ጎድጓዳው ውስጥ ቆሻሻ ይይዛል፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ በደንብ ለማጠብ ያስቸግራል።

ቋንቋ ላይ አንድ ምክር አለ፣ በደግ ልብ የሚሰጥ ግን የሚጎዳ፤ «ቤት ውስጥም አማርኛ አውሩት» የሚለው። አማርኛዋ የማይፈስላት እናት ይህን ስትሰማ ለልጇ ተረት መናገሯን፣ መቆጣቷን፣ ማጫወቷን ትቀንሳለች፤ ልጁም የሚሰማው ቃል ያንሳል። ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም። ቤት በሚያውቁት ቋንቋ እንደልባቸው ያውሩት፣ አማርኛውን እናንተ ትሰጡታላችሁ። በየክፍሉ በር ከውስጥ በኩል መምህርቷና ረዳቷ የሚያዩት ወረቀት ለጥፉ፤ ውሃ፣ ሽንት፣ እናቴ፣ አመመኝ፣ ራበኝ፣ እንቅልፍ የሚሉት በክፍሉ ልጆች ቋንቋዎች፣ በፊደል። ወላጆቹ ራሳቸው ያጽፏችሁ፤ አነጋገሩ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። ልጅ ቢሻን፣ ማይ ወይም ቢዮ ሲል ውሃ የምታቀብል መምህርት በሁለተኛው ቀን ትታመናለች።

ቋንቋ ብዛትን ግን የሁሉ ነገር ሰበብ አታድርጉት። በሁለት ዓመቱ በየትኛውም ቋንቋ ሁለት ቃል አጣምሮ የማይናገር ልጅ መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር። ዓይን ለዓይን የማይተያይ፣ ጣቱን ጠቁሞ የማያሳይ ከሆነም «ቆይ ያድጋል» ብላችሁ ዓመት አታባክኑ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የመሠረቱት የጆይ ኦቲዝም ማዕከል እዚሁ ከተማ ነው፤ ወላጅ ብቻዋን እንዳልሆነች ማወቋ ራሱ ሸክሟን ያቀልላታል። ይህን ለወላጅ የሚነግር ሰው አንድ ይሁን፣ በር ዘግቶ፣ ያየውን ብቻ ይናገር፤ የበሽታ ስም መስጠት የሐኪም ሥራ ነው።

በሩ። ለእያንዳንዱ ልጅ እስከ ሦስት ተረካቢ፣ ከነፎቷቸው በአንድ ካርድ። ቤት ሠራተኛ ስትቀየር ካርዱም ያኑ ዕለት ይቀየር፤ ብዙ ጊዜ ክፍተቱ ይህ ነው፣ የለቀቀችው ሠራተኛ ፎቶ ለወራት እዚያው ይቀራል። «ዛሬ ጎረቤቴ ትመጣለች» የሚል ስልክ ሲመጣ ዘግታችሁ በመዝገቡ ባለው ቁጥር መልሳችሁ ደውሉ። ወላጆች ከተለያዩ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት እስኪመጣ ድረስ ልጁን ለማን እንዳትሰጡ እንደተባለ ቃል ሳይሆን ፊርማ ያዙ። ዕድሜያቸው ከ12 በታች ለሆነ ወንድምና እህት ልጅ አይሰጥ። ደንቡ የሚከብዳት ከታላቅ ልጇ ሌላ ሰው የሌላት እናት ናት፤ ለእሷ ከሰፈሯ አንድ የታመነች ጎረቤት ፈልጋችሁ መዝግቡ።

ልጁን ዘግይቶ በሚወስድ ወላጅ ላይ የሚጣለውን ቅጣት አልደግፍም። አሠሪዋ ያቆየቻት ጽዳት ሠራተኛ 50 ብር ብትቀጣ ነገ ቀድማ አትመጣም፣ ልጇን ግን ልታስቀር ትችላለች። ሁለት ሞግዚት በተራ እስከ 12 ሰዓት ተኩል ይቆዩ፣ ወጪው ለሁሉም በወር ክፍያ ላይ ይካፈል። ጠዋትም በር 1 ሰዓት ላይ ይከፈት። ከፒያሳና ከካዛንቺስ በልማት ተነሥተው ከተማው ዳር የገቡ ቤተሰቦች ሥራቸው እዚሁ መሃል ስለሆነ ልጆቻቸውን ጎሕ ሲቀድ ይዘው ይወጣሉ። ልጁ ታክሲ ውስጥ ተኝቶ፣ ቁርስ ሳይቀምስ ይደርሳል። በአንድ ጥግ ፍራሽና ትኩስ አጥሚት ይጠብቀው።

ክፍያን በሚመለከት፣ ደመወዝተኛ በወር መጨረሻ፣ የመርካቶ ሱቅ ባለቤት በማንኛውም ቀን፣ የቀን ሠራተኛ በየሳምንቱ መክፈል ይቀለዋል። ሦስቱንም ፍቀዱ፤ በቴሌብር ሲከፈል ምክንያቱ ላይ የልጁ ኮድ ይጻፍ፣ አለዚያ የአጎት ስም ይመጣና ማን እንደከፈለ አይታወቅም። ያልከፈለ ወላጅ ስም በር ላይ አይለጠፍ፣ በልጁ እጅም ወረቀት አይላክ።

የወላጆች ስብሰባ እሑድ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይመቻል። ዓርብ 6 ሰዓት ጁምዓ ነው፣ እሑድ ጠዋት ቅዳሴና አምልኮ፣ ቅዳሜ ገበያ። የስብሰባውን ፍሬ ነገር ከአራት ደቂቃ ባልበለጠ የድምፅ መልእክት በቴሌግራም ላኩ፤ ማንበብ የማይችል ወላጅ ማንንም ሳይለምን ይሰማዋል።

የባህል ቀን ካላችሁ «የብሔረሰብህን ልብስ ለብሰህ ና» አትበሉ። አባቱ ወሎዬ፣ እናቱ ጉራጌ የሆነ ልጅ አንዱን እንዲመርጥ ይገደዳል፣ ልብሱን መግዛት የማትችል እናትም ያን ቀን ልጇን ታስቀራለች። ከቤት አንድ ዕቃ ያምጡ፤ ሙዳይ፣ ጀበና፣ የአያት ፎቶ፣ መስገጃ፣ የጣባ ስባሪ ቢሆን እንኳ። ዒድ አልፈጥርና ዓረፋ በጨረቃ ስለሚወሰኑ በቀን መቁጠሪያችሁ ላይ ሁለት ሁለት ቀን ያዙላቸው፣ ለሙስሊም መምህራንም በሁለቱም ቀን ተተኪ አስቀድማችሁ መድቡ፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ የሚመጣ ማስታወቂያ ማግስት የመምህር እጥረት እንዳያመጣ።