ሽንኩርት ያልገባበት ሳምቡሳ

ዴልሂ የገባሁት የነቢያት ጾም በተያዘ በሁለተኛው ቀን ነው። የጋበዘችኝ ፑኔ በምትባል የህንድ ከተማ አብረን የተማርን ጓደኛዬ ናት። እናቷ 60 ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ቤት ውስጥ ሊደገስ፣ 30 ሰው ተጠርቷል። ገና ሻንጣዬን ሳላሳርፍ፣ «ምግብ ከውጭ አናዝም፤ ራሳችን ነን የምንሠራው። አንተም ትገባለህ» አለችኝ።

እኔም ደረቴን ነፋሁ። አገሩ ሥጋ በማይበላ ሰው የተሞላ ነው፤ እኔ ደግሞ በጾም ወጥ ያደግኩ ሰው ነኝ። ምን ሊከብደኝ?

ማታ አንቲ ጂ (የጓደኛን እናት እንዲህ ነው የሚጠሩት) ወረቀትና እርሳስ ይዘው ተቀመጡ። ምን እንደሚሠራ የሚጽፉ መስሎኝ ነበር። የጻፉት ግን ማን ምን እንደማይበላ ነው። እህታቸው እንቁላል በገባበት ኬክ ላይ ዝር አይሉም። ከታች ፎቅ ያሉት ባልና ሚስት ጄይኖች፣ ነፍስ ያለውን ላለመጉዳት የሚጠነቀቅ የህንድ ሃይማኖት ተከታዮች ናቸው፤ ያውም አጥባቂ። ሽንኩርት የለም፣ ነጭ ሽንኩርት የለም፣ ድንች የለም፣ ካሮት የለም። ከመሬት ሥር ተነቅሎ የሚወጣ ነገር አይበሉም፤ ሲነቀል ብዙ ነፍስ ይጠፋል ብለው። እርጥብ ዝንጅብል ክልክል ነው፣ ደርቆ የተፈጨው ግን ይፈቀዳል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ እህል አይቀምሱም።

«አንተስ ቤታ?» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ቅቤ፣ ወተት፣ እርጎ፣ ፓኒር (የእነሱ አይብ) እስከ ገና ድረስ እንደማልበላ ነገርኳቸው። እርሳሱን አስቀመጡት።

በማግስቱ ካሪ ባኦሊ ወረድን። አሮጌው ዴልሂ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1650 ከተሠራው ከፈተህፑሪ መስጊድ አጠገብ ያለ የቅመም ገበያ ነው። የኅዳር ጭስ ከላይ፣ የበርበሬ ብናኝ ከታች፤ ሻጩም ገዢውም ተሸካሚውም ያስነጥሳል። አንዱ ነጋዴ ነጭ አዝሙድ ዘግኖ መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ። ጠረኑ የእናቴ ጓዳ ነው። «አጅዋይን» አለኝ። አብሹን ሜቲ፣ እርዱን ሃልዲ፣ ጥቁር አዝሙዱን ካሎንጂ ይሉታል። አዲስ የሆነብኝ ሂንግ ብቻ ነው፤ ከአፍጋኒስታንና ከኢራን የሚመጣ የተክል ሙጫ። ጥሬውን ስታሸቱት የከረመ ነጭ ሽንኩርት ይመስላል፣ ይቅር ይበለኝ፣ ይገማል። በጋለ ዘይት ላይ ቁንጥር ሲያደርጉበት ግን ቤቱን የቁሌት ሽታ ሞላው። ሽንኩርት የማይበሉት ሰዎች ሚስጥር ይህ ነው ለካ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ማድ ቤት ገባን። ሌሊቱን የተዘፈዘፈው 2 ኪሎ ሽምብራ ፕሬዠር ኩከር ውስጥ ገባ። «ስንት ደቂቃ?» አልኩ። «ደቂቃ ማን ይቆጥራል? ስድስት ፉጨት» አሉኝ። ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ፉጨቱን ይቆጥራሉ። እኔ ሦስተኛው ላይ ጠፋብኝ።

ከዚያ ጥፋቴ መጣ። የሽምብራውን ወጥ፣ ሽንኩርቱ የሚንሳፈፍበትን፣ ሳማስል የነበረበትን ጭልፋ ይዤ የጄይኖቹን የማሽ ክክ አማሰልኩበት። ጓደኛዬ ጮኸች። አንቲ ጂ ምንም አላሉም። ድስቱን አንስተው ወደ ሌሎቹ እንግዶች ምግብ አዞሩትና አዲስ ክክ አጠቡ። ጭልፋዬን ግን ቀሙኝ።

ቅጣቴ ሳምቡሳ መጠቅለል ሆነ። የእነሱ ሳምቡሳ፣ ሳሞሳ ይሉታል፣ ውስጡ ድንች ነው፤ ለታች ፎቆቹ አይሆንም። «እኛ ጋ እኮ በምስር ነው የሚሠራው» አልኩ። አንቲ ጂ ዞር ብለው አዩኝ። ምስሩን ሳይፈርስ በቁሙ ቀቅዬ አጠለልኩት። ዘይት አግዬ ከሙን፣ ቁንጥር ሂንግና ቃሪያ ጨመርኩ፤ ደረቅ ዝንጅብልም ነሰነስኩበት። ሊጡን በቅቤ ፋንታ በዘይት አሸሁት፣ ነጭ አዝሙድም ጣል አደረግኩበት። 80 ጠቀለልኩ። የመጀመሪያዎቹ አሥሩ ቅርጻቸው አይወራም።

ፀሐይ የምትጠልቀው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው። ስለዚህ ቡፌው ገና በአሥር ሰዓት ለሁለት ሰው ተከፈተ፤ ለብቻው ጠረጴዛ፣ ለብቻው ማንኪያ። ከዚያ ሁሉ ሳህን ለእኔም ለእነሱም የሚሆነው ምስር ሳምቡሳው ብቻ ነበር። ሽማግሌው አንዱን ገምሰው በመስኮቱ ብርሃን ውስጡን አዩት፣ አሸተቱት፣ ከዚያ አራት በሉ። ሚስትየው አምስተኛውን ሸሸጉባቸው።

ሌሎቹ እንግዶች ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው መምጣት የጀመሩት። ጨዋታው፣ መጠጡ፣ ቁርሳቁርሱ አያልቅም። እራት የቀረበው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጓደኛዬ ፑሪ እየጠበሰች ታወጣለች፤ ክቧ ሊጥ ዘይቱ ውስጥ ሰጥማ፣ በጭልፋ ጫን ሲሏት እንደ ፊኛ ተነፍታ ትወጣለች። ከምድጃ እንደወጣች ካልተበላች ጠፍጣፋ ቆዳ ነች።

ሁሉም ሲበላ ካየሁ በኋላ ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን ቡና ይዤ ማድ ቤት ገባሁ። ከእራት በኋላ ዋናው ጨዋታ ይጀመራል ብዬ ነዋ! ቆላሁ፣ ወቀጥኩ፣ ጀበናዬን ጣድኩ። ስኒ ደርድሬ ስመለስ ሳሎኑ ጭር ብሏል። ለካ እዚያ እራት ማለት ደህና እደሩ ማለት ነው።

አንቲ ጂ ብቻ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ?» አሉኝ። «ግን ወተት ጨምርበት።»